የቢሾፍቱው ኤርፖርት ባቡር መሀል ላይ ካልቆመ ለዱከምና ለገላን ሰው ምን ሊጠቅም ነው?

የዱከሙ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ስለሚሰራው አዲሱ ኤርፖርት ብዙ ተብሏል። ጥር 2018 ላይ ግንባታው በይፋ ሲጀመር ሚዲያው ሁሉ 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ መጀመሪያ በአመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ ሲያልቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን ምናምን ሲል ነው የሰነበተው። እኔ ተቃውሞ የለኝም፣ አየር መንገዳችን ነው፣ ቦሌ ጠቦታል፣ ይሰራ። ግን ከኤርፖርቱ ጋር አብሮ ስለሚነሳው ፈጣን ባቡር ጠለቅ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ከቦሌ ተነስቶ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሄዶ ኤርፖርቱ ጋ የሚገባ ባቡር ነው የሚባለው። እሺ መሀል ላይስ? መሀል ያለው ባዶ ሜዳ አይደለም እኮ። አቃቂ ቃሊቲ አለ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ገላን አለ፣ ዱከም አለ፣ ራሷ ቢሾፍቱ አለች። ይሄ ሁሉ ህዝብ በመስኮቱ በኩል ባቡር ሲያልፍ ሊያይ ነው?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዱከም አስፋልት ዳር የሚቆመውን ሰው ያየ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ለስራ የሚገባ አለ፣ በተቃራኒው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች የሚመጣ አለ፣ እና ይሄ ነገር በደንብ ይታሰብበት፣ ብዙ አገር ላይ የሰራተኛ ባቡር ጠዋት ሞልቶ ገብቶ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ እኛ ጋ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሰው አለ። ኪሳራው ከሌላው ያነሰ ነው የሚሆነው ማለት ነው።

ደግሞ ሀዲድ የለንም እንዳይባል ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው የጅቡቲ መስመር ድርብ ሀዲድ ነው፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው፣ ከተመረቀ ከመስከረም 2009 ጀምሮ ስንት አመቱ። በላዩ ላይ የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር ግን ድሬዳዋና ጅቡቲ ለሚሄድ ሰው የታሰበ ነው እንጂ ጠዋት ገብቶ ማታ ለሚመለስ ሰው አይደለም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም ከተባለ መጀመሪያ የሰራተኛው ባቡር ይሰራ፣ ኤርፖርቱ የዛ መስመር አንዱ ፌርማታ ይሁን። በመጀመሪያ ኤርፖርት ብቻ ተብሎ ከተሰራ በኋላ ጣቢያ እንጨምር ማለት ከባድ ነው፣ መሬቱም አይገኝም፣ ዋጋውም አይቻልም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ውጭ አገር የምትኖሩና ይሄን ነገር ያያችሁ ጻፉልን።

አቪዬሽን ሰው

ወንድሜ የጻፍከውን በደንብ አነበብኩት፣ የሰራተኛው ችግር እውነት ነው ማንም አይክደውም። ግን ኤርፖርት ባቡርን እንደ ቅንጦት ማየት ልክ አይመስለኝም። አንድ ኤርፖርት ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ሲርቅ መጀመሪያ የሚፈተነው በሰዓት ነው። መንገደኛው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት፣ መንገድ ቢዘጋጋ በረራ ያመልጠዋል፣ አንድ ሰው በረራ ሲያመልጠው ደግሞ ተያያዥ በረራውም ሆቴሉም አብሮ ይበላሻል። ባቡሩ በየከተማው እየቆመ፣ ሰው ዘንቢልና ጆንያ ይዞ እየተጋፋ፣ ሻንጣ ማስቀመጫ ሳይኖር ከሄደ መንገደኛው ባቡሩን ትቶ በፍጥነት መንገዱ በታክሲ ነው የሚሄደው። ከዛ ባቡሩ ኤርፖርቱንም አላገለገለ፣ መንገዱም አልቀለለ።

ሁለተኛ የገንዘቡን ነገር እናስብ። ኤርፖርቱ ዶላር ያስገባል። የአፍሪካ ልማት ባንክ 500 ሚሊዮን ዶላር ላበድር ሲል ኤርፖርቱ ይከፍላል ብሎ ነው። ባቡሩም ከኤርፖርቱ ጋር ተያይዞ ከተሰራ ብድሩን የሚከፍል አካል አለው። የሰራተኛ ባቡር ግን በብር ነው ትኬት የሚሸጠው፣ ያውም በድጎማ። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር አይተነዋል፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው፣ ትኬቱ በጣት የሚቆጠር ብር ነበር፣ መለዋወጫ በዶላር ይገዛል፣ ከ41ዱ ባቡር ስንቱ ቆሞ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ስህተት በትልቁ እንዳንደግመው ነው የምፈራው።

የዱከሙ ልጅ

@አቪዬሽን ሰው አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ነው የፈለግኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አየር መንገዳችን ከሚያጓጉዘው የውጭ በረራ መንገደኛ አብዛኛው ትራንዚት አይደል እንዴ? ከሌጎስ መጥቶ ጓንዡ የሚሄድ ሰው ከተርሚናል አይወጣም፣ ባቡር አያስፈልገውም። 60 ሚሊዮን ሲባል 60 ሚሊዮን ሰው አዲስ አበባ ይገባል ማለት አይደለም። በየቀኑ እዛ ኤርፖርት በር ላይ ገብቶ የሚወጣው ማነው ካልን ሰራተኛው ነው። ሻንጣ ጫኙ፣ ኬተሪንጉ፣ ጽዳቱ፣ ቴክኒሻኑ፣ ጥበቃው፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰራው። እሱ ደግሞ የሚኖረው ቦሌ ኤርፖርት በር ላይ አይደለም፣ ገላንና ዱከም ቢሾፍቱና ሞጆ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ለኤርፖርቱም ቢሆን የሚጠቅመው የሚቆመው ባቡር ነው።

ሳምሪ ገላን

እኔ ልጨምር፣ ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት ነው የምሰራው። ወንዶቹ ስለ ፍጥነት ስታወሩ ገርሞኝ ነው የገባሁት። 20 ደቂቃ ይሁን 30 ደቂቃ ለኛ ለውጥ የለውም በእውነት። ለኛ ትልቁ ነገር የመጀመሪያው ባቡር ስንት ሰዓት ይነሳል የመጨረሻው ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ይሄ ነው። የጠዋት ሽፍት 12 ሰዓት ላይ የሚገባ ሰው ከቤቱ ሌሊት ነው የሚወጣው፣ የማታው ሽፍት ደግሞ ሲጨርስ መንገዱ ላይ ምንም የለም፣ ሰርቪስ ያለው መስሪያ ቤት ከሆነ ጥሩ፣ ከሌለው ግን ሴት ልጅ አስፋልት ዳር ቆማ የማታውቀውን መኪና እጇን እያወጣች ነው የምትጠብቀው። ስንቷ ናት በዚህ ምክንያት ስራ ያቆመችው።

ኤርፖርት ደግሞ 24 ሰዓት ነው የሚሰራው። ባቡሩ ለኤርፖርቱ ሲባል ሌሊትም የሚሄድ ከሆነ እኮ እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው፣ ለምን ሁለት ነገር ታደርጉታላችሁ አልገባኝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለበረራ የሚሄደው ሰውና ለሽፍት የሚሄደው ሰው አንድ ባቡር ላይ ቢሳፈሩ ምን ችግር አለው? ሻንጣ ማስቀመጫ ያለው አንድ ፉርጎ ይለይለት፣ ሌላው ለኛ ይሁን።

ደሞ ጣቢያው የት ነው የሚሆነው የሚለው። አሁን ያሉትን የባቡር ጣቢያዎች አይታችኋል? ከከተማ ውጪ ናቸው። ከጣቢያ ቤት ለመድረስ ባጃጅ ካስፈለገ የባጃጁ ዋጋ ከባቡሩ ይበልጣል፣ ማታ ደግሞ ባጃጅ የለም። መብራት ያለው መንገድ፣ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጣቢያ ካልሆነ ባቡሩ ቢኖርም እኔ አልሳፈርም፣ እናቴም አትፈቅድልኝም።

ኪያ አዳማ

ሳምሪ እግዜር ይስጥሽ። ይሄን የሚጽፍ ሰው ነበር የጠፋው። አዳማ ጣቢያ ለመድረስ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው።

የሀዲድ ሰው

ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር፣ ታገሱኝ ረዘም ይላል።

የዱከሙ ልጅ "ድርብ ሀዲድ አለን እንጠቀምበት" ያለው በሀሳብ ደረጃ ልክ ነው ግን ያንን ሀዲድ የሚጠቀምበት ሌላም አለ፣ ጭነት። የአገሪቱ ገቢና ወጪ እቃ ነው የሚያልፍበት፣ ኮንቴይነሩ ማዳበሪያው። ችግሩ የባቡሩ ብዛት ብቻ አይደለም የፍጥነት ልዩነቱ ነው። የጭነት ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው የመንገደኛው 120። 30 ኪሎ ሜትር ላይ እናስላው፣ ጭነቱ 22 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፣ መንገደኛው ሳይቆም ከሄደ 15 ደቂቃ። ስለዚህ ጭነቱ ከተነሳ በኋላ መንገደኛው ወዲያው ቢከተለው መንገድ ላይ ይደርስበታል፣ ስለዚህ ወይ ይጠብቃል ወይ ጭነቱ ጎን ላይ ገብቶ ያሳልፈዋል። በየ15 ደቂቃው ባቡር ማስኬድ ካሰብን ይሄ ሁሉ ይጋጫል። በየሰዓቱ ወይ በየግማሽ ሰዓቱ በስራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ይቻላል፣ ጭነቱን ወደ ቀትርና ወደ ሌሊት መግፋት ነው። ቆርጦ የሚወስን አካል ይፈልጋል እንጂ አዲስ ሀዲድ አይፈልግም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ጭነቱ በብዛት የሚያልቀው ሞጆ ደረቅ ወደብና እንዶዴ የጭነት ጣቢያ ላይ ነው። ከእንዶዴ ወደ ለቡና ሰበታ ያለው ሀዲድ ላይ የጭነት ትራፊክ በጣም ይቀንሳል። እንዶዴ ማለት ደግሞ ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ፈጬ ቅርብ ነው። ማለትም በአገሪቱ ትልልቅ ከሚባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ድርብ ሀዲድ አለ፣ ነዋሪው ግን በታክሲ ሰልፍ ነው ጠዋት ጠዋት የሚሰለፈው። ይሄ እኔን እንደ ባለሙያ ያናድደኛል።

"ቀላል ባቡሩን ከቃሊቲ ወደዛ እናስረዝመውና እናገናኘው" የምትሉ አላችሁ በየቦታው። ማስረዘም ይቻላል፣ ግን አንዱ ባቡር በሌላው ሀዲድ ላይ መሄድ አይችልም። የቀላል ባቡሩ ኤሌክትሪክ 750 ቮልት ዲሲ ነው፣ የጅቡቲው መስመር 25 ሺህ ቮልት ኤሲ። ስለዚህ መቀያየሪያ ጣቢያ ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ ጣራ ስር ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መሳፈር፣ አንድ ትኬት ለሁለቱም። ዛሬ ለቡ ጣቢያ የወረደ ሰው ቀላል ባቡር አያገኝም፣ ቃሊቲ የቀላል ባቡር መጨረሻ ላይ የወረደ ሰውም ዋናውን ባቡር አያገኝም። በመሀል ያለው ርቀት ትንሽ ነው ግን በዛ ምክንያት ሁለቱም የሚገባቸውን ያህል አላገለገሉም።

የፍጥነቱን ጉዳይ በተመለከተ ለ@አቪዬሽን ሰው፣ አንድ ባቡር ለመቆም፣ ሰው ለማውረድና መልሶ ፍጥነቱን ለመያዝ 2 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚበላው። አራት ቦታ ቢቆም 8 ወይ 10 ደቂቃ ነው። 20 ደቂቃ የሚፈጀው 30 ሆነ ማለት ነው፣ በረራ የሚያስመልጥ አይደለም። ያም ከከበደ አንድ ሁለት ጣቢያ ላይ ማለፊያ ሀዲድ አስገብቶ ፈጣኑ የሚቆመውን እንዲቀድመው ማድረግ ነው። ይሄ ግን ዲዛይኑ ላይ ከአሁኑ መግባት አለበት፣ ቦታው ካልተተወለት በኋላ ቤት ማፍረስ ነው።

ጄፒ ጆበርግ

ከጆሃንስበርግ ነው የምጽፈው፣ ጄፒ አካባቢ ነው የምሰራው፣ እዚ ያለው ሀበሻ ያውቀዋል። ስለ ጋውትሬን፣ እዚህ ስላለው ፈጣን ባቡር ልንገራችሁ። ለእ.ኤ.አ. 2010ሩ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነው ከኤርፖርቱ ከኦአር ታምቦ እስከ ሳንድተን የተከፈተው፣ በሚቀጥለው አመት ፕሪቶሪያ ደረሰ። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ንጹህ ነው፣ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ጥበቃ አለው። ባቡሩን መጥፎ ነው ማለት አልችልም። ግን ሶዌቶ አይደርስም። የሰራተኛው ሰፈር አይደርስም። ትኬቱንም የቀን ሰራተኛ አይችለውም።

በዛው ጊዜ የሰራተኛው ባቡር ሜትሮሬይል የሚባለው ደግሞ እየሞተ ነበር። በኮቪድ ጊዜ አገሩ ሲዘጋ ባቡሩ ቆመ፣ ጥበቃም አልነበረም፣ ገመዱን ቆርጠው ሸጡት፣ ጣቢያዎቹን ጣራና በር ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። ከዛ በኋላ መስመሮቹን አንድ በአንድ ለመመለስ አመታት ፈጀ። ርካሽ ባቡር ይጠቀም የነበረው ህዝብ ሚኒባስ ላይ ወደቀ፣ ከደሞዙ ብዙውን ለትራንስፖርት መክፈል ጀመረ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ባቡር፣ አንዱ ሁሉ ነገር የተሟላለት አንዱ የተረሳ። እኛ አገር ይሄ እንዳይመጣ ነው የምለው። ኤርፖርቱን የሚጠቀመው ሰው ድምጹ ይሰማል፣ ሚዲያ አለው፣ ሰራተኛው ሲጎዳ ግን ዝም ብሎ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት ቢሆን፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውም እንዲያመው።

ቤቲ ሲኤምሲ

"አንዱ ሲበላሽ ሌላውም እንዲያመው" በጣም ትክክል። ቀላል ባቡሩ ሲቆም ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች በባቡር ስለማይሄዱ ነው ዝም የተባለው።

መንገደኛው

ስራዬ ምዕራብ አፍሪካ ያስኬደኛል፣ ዳካርን ያየ ሰው ይሄን ክርክር በሌላ አይን ነው የሚያየው ምክንያቱም ነገሩ ቁርጥ የኛን ነው። ሴኔጋሎች አዲሱን ኤርፖርታቸውን ከዳካር ወደ 47 ኪሎ ሜትር አርቀው ሰሩ፣ እ.ኤ.አ. ታህሳስ 2017 ተከፈተ። ባቡርም ሰሩ፣ ቴር ይሉታል፣ ግን መጀመሪያ የሰሩት እስከ ኤርፖርቱ ያለውን አይደለም። መጀመሪያ ከዳካር እስከ ዲያምኒያዲዮ 36 ኪሎ ሜትር 13 ጣቢያ ያለው የሰራተኛ መስመር ነው የሰሩት፣ ቲያሮይ፣ ሩፊስክ፣ ህዝቡ የሚኖርባቸውን ሰፈሮች እያዳረሰ። እ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ላይ ስራ ጀመረ። ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደውን 19 ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ምዕራፍ ብለው ለጊዜው አቆዩት።

ኤርፖርቱ ያለ ባቡር ተከፍቶ ሲሰራ ከረመ፣ አልሞተም፣ በአውቶቡስና በታክሲ ሰው ይደርስ ነበር። ባቡሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሰው አገኘ ምክንያቱም ሰው ባለበት ነው የቆመው። ትኬቱም እንደ ርቀቱ 500፣ 1000፣ 1500 ሴፋ ነው፣ አንደኛ ማዕረግ የፈለገ ደግሞ 2500 ይከፍላል። ማለትም አንድ ባቡር ላይ ሁለቱንም አይነት ሰው አስተናገዱ፣ ሳምሪ ያለችውን ነው የሰሩት። ያለ ችግር ነበር አልልም፣ ለመስመሩ ሲባል ብዙ ሰው ከቤቱ ተነስቷል፣ የካሳ ቅሬታውም ብዙ ነበር። እኛም ጋ ከአቡሴራ የተነሱ ገበሬዎች አሉ፣ እነሱ የሰፈሩበት ቦታ አጠገብ ፌርማታ ቢኖር ቢያንስ ልጆቻቸው ከስራና ከትምህርት ጋር ይገናኛሉ።

ሎድ ያለሁት

ከእስራኤል። እኛ ጋ የኤርፖርት ባቡር የሚባል የተለየ ነገር የለም። ቤን ጉሪዮን ጣቢያ እ.ኤ.አ. 2004 ተከፈተ፣ መጀመሪያ የቴል አቪቭ ባቡር ነበር የሚቆምበት፣ ከዛ ሞዲኢን ተቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. 2018 ላይ ደግሞ ኢየሩሳሌም። ባቡሩ ላይ ወታደር አለ፣ ተማሪ አለ፣ ሻንጣ የያዘ አለ፣ ኤርፖርት ውስጥ ጽዳት የሚሰሩ የኛ እናቶች አሉ። ጣቢያው ተርሚናሉ ስር ነው፣ ሰው ይወርዳል ሰው ይሳፈራል ባቡሩ ይቀጥላል። ለኤርፖርት ተብሎ የተጨመረ ዋጋም የለም። የሚጎዳው ቅዳሜ ነው፣ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር የለም፣ ያኔ ሽፍት ያለበት ሰው ወይ በሰርቪስ ወይ በታክሲ ነው። ስለዚህ ሳምሪ ያለችው ሰዓቱ ነው ዋናው ያለችው ልክ ናት።

ትልቁ ነጥብ ግን ኤርፖርቱ መጨረሻ ጣቢያ አይደለም መሀል ነው። የኛም ባቡር አቡሴራ ላይ ማለቅ የለበትም። ወደ አዳማ መቀጠል አለበት።

የሀዲድ ሰው

@ሎድ ያለሁት ይሄ በጣም ትልቅ ሀሳብ ነው፣ ሰዎች እንዳታልፉት። መስመሩ ኤርፖርት ላይ ካለቀ ባቡሩን የሚሞላው የኤርፖርት ሰው ብቻ ነው። ወደ ሞጆና አዳማ ከቀጠለ ወይ ከነባሩ መስመር ጋር ከተገናኘ የአዳማ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሳይገባ ኤርፖርት ይደርሳል፣ የአዲስ አበባ መንገድም ይቀልለታል። የሀዲዱ ስፋት ከነባሩ ጋር አንድ እንዲሆን ኤሌክትሪኩም አንድ አይነት እንዲሆን ከተደረገ ባቡር መዋዋስም፣ አንድ ዲፖ (የባቡር ማደሪያና መጠገኛ) መጠቀምም፣ አንድ መለዋወጫ መግዛትም ይቻላል። የቀላል ባቡሩ አንዱ በሽታ ብቻውን የቆመ ቴክኖሎጂ መሆኑ ነው።

ዌስተን ቶሮንቶ

እኔ ደግሞ የኤርፖርት ባቡሩ በሚያልፍበት ሰፈር ነው የምኖረው። ቶሮንቶ ዩፒ ኤክስፕረስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2015 ሲጀመር መሀል ከተማ ካለው ዩኒየን ጣቢያ እስከ ፒርሰን ኤርፖርት 27 ዶላር ተኩል ነበር፣ የትራንስፖርት ካርድ ላለው 19። የታሰበው ለቢዝነስ ሰው ነው። ባቡሩ በየ15 ደቂቃው ግማሹ ባዶ እየሆነ በቤታችን ፊት ለፊት ያልፋል፣ እኛ ደግሞ ውርጭ ላይ አውቶቡስ እንጠብቃለን። በሚቀጥለው አመት መጋቢት ላይ ወደ 12 ዶላር፣ በካርድ 9 ዶላር አወረዱት፣ ከመሀል ጣቢያዎቹ ለሚሳፈር ደግሞ ከዛም በታች። ያኔ ነው ባቡሩ ሰው ማግኘት የጀመረው። ሰራተኛው ነው ያዳነው ማለት እችላለሁ።

ከዛ ምን ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ አካባቢ ደግሞ ከባቡሮቹ ግማሹ የመሀል ጣቢያዎቹ ብሎርና ዌስተን ላይ ሳይቆሙ በቀጥታ ኤርፖርት ይግቡ የሚል እቅድ መጣ። የሚቆጥበው የተወሰኑ ደቂቃዎች ነው። የሰፈሩ ሰው ጮኸ፣ የምክር ቤት አባላቱም ተቃወሙ፣ እቅዱ በቀናት ውስጥ ቀረ። ይሄን የነገርኳችሁ ጣቢያ ስለተሰራ ብቻ ነገሩ አለቀ እንዳትሉ ነው። ጣቢያው ቢኖርም ለኤርፖርቱ ፍጥነት ሲባል ባቡሩ እንዳይቆም ሊወሰን ይችላል። በየሰዓቱ ስንት ባቡር የት የት ይቆማል የሚለው ከመጀመሪያው በውል ላይ መጻፍ አለበት።

አቪዬሽን ሰው

ሁሉንም አነበብኩ። የዳካሩ አሳመነኝ ማለት እችላለሁ፣ ቢያንስ በቅደም ተከተሉ። የትራንዚቱን ነገርም የዱከሙ ልጅ ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር ላይ አሁንም አልለቅም። አንደኛ ቦሌ የአገር ውስጥ በረራ ይዞ ከቀጠለ ከባህር ዳር ወይ ከጅማ መጥቶ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ከቦሌ ወደ አቡሴራ በሰዓቱ መድረስ አለበት፣ ለሱ የተረጋገጠ ባቡር ያስፈልጋል፣ ሰዓቱ የማይዛነፍ። ሁለተኛ ብሩ። የሰራተኛው ትኬት ድጎማ ከሌለው አይሆንም፣ ድጎማው ከየት ይምጣ? እኔ የምለው ኤርፖርቱ ጋ የሚወርደው የበረራ መንገደኛ ትኬቱ ላይ ጨመር ተደርጎ ይክፈል፣ ለመለዋወጫ ተብሎ ለብቻው በውጭ ምንዛሬ ይቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካው። ሰራተኛው በመታወቂያው በዝቅተኛው ይሳፈር። እንደዛ ከሆነ ኤርፖርቱ ራሱ የሰራተኛውን ባቡር ይደጉማል ማለት ነው፣ እኔም አልቃወምም።

የዱከሙ ልጅ

ይሄ ይሄ ነው! መለዋወጫውን በዶላር ለይቶ ማስቀመጥ ያልከው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ለገሃር የድሮው

ልጆቼ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የልጄ ልጅ ነው ይሄን ቤት ያሳየኝ። አባቴ ምድር ባቡር ሰራተኛ ነበር። እናንተ አዲስ ነገር አድርጋችሁ የምታወሩት እኛ አይተነዋል። የድሮው ባቡር ከለገሃር ተነስቶ አቃቂ ይቆማል፣ ዱከም ይቆማል፣ ቢሾፍቱ ሞጆ ናዝሬት ይቆማል፣ ጣቢያው ከተማው መሀል ነበር፣ እንዲያውም ከተማው ነው ባቡሩን ተከትሎ የበቀለው። ባቡሩ ዝግ ያለ ነበር፣ ያረጀ ነበር፣ ግን ሴቶቹ ከነቅርጫታቸው ወጥተው ይሸጡበት ነበር፣ ሰራተኛውም ይሄድበት ነበር። አዲሱ ሲሰራ ፈጣን ሆነ፣ ከከተማ ግን ወጣ። የድሮው መስመር የነበረበት መሬት አሁንም በየቦታው አለ፣ ሳይሸነሸን በፊት ያለውን ያህል ማዳን ለከተሞቹ ውስጥ መግቢያ ይሆናል። የተማራችሁት እዩት እስኪ።

የሀዲድ ሰው

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ያሉት ነገር በሙያም የሚደገፍ ነው። የድሮው ሀዲድ ጠባብ ነበር፣ አንድ ሜትር፣ አሁን ያለው ደግሞ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ሀዲዱን እንዳለ መጠቀም አይቻልም። የመሬቱ መስመር ግን ወርቅ ነው። ከተማ ውስጥ ባቡር ለማስገባት ዋናው ወጪ መሬት ማስለቀቁ ነው፣ እዛ ግን ቢያንስ የተወሰነው ክፍት ነው። ለቀላል ባቡር ማስረዘሚያ እንኳን ቢሆን ይጠቅማል። እርስዎ የሚያስታውሱት የትኛው ጋ ክፍት እንደሆነ ካለ የልጅ ልጅዎ ይጻፍልን።

ሳምሪ ገላን

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን።

እና አሁን ምን ይደረግ? እዚ ተነጋግረን ብቻ እንዳይቀር። ዲዛይኑ አልቆ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ "ፌርማታ ረሳን" ቢባል ማን ይሰማናል።

የዱከሙ ልጅ

እኔ ያሰብኩት፣ ቁጥር የያዘ ነገር ይዘን እንቅረብ። የገላንም የዱከምም የቢሾፍቱም ማዘጋጃ ቤት "ሰው ይቸገራል" ብንለው ያውቀዋል፣ አዲስ አይሆንለትም። ስንት ሰው ከየት ተነስቶ የት ይሄዳል፣ ስንት ሰዓት፣ ይሄን ግን በወረቀት የያዘው ያለ አይመስለኝም። እዚህ ክር ስር እያንዳንዳችሁ ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም፣ ሰፈር፣ ከቤት የምትወጡበት ሰዓት፣ የምትደርሱበት ቦታ፣ በምን እንደምትሄዱ። ፋብሪካ የምትሰሩ የሽፍታችሁን መግቢያና መውጫ ጨምሩ። የሀዲድ ሰው ወደ ሰዓት ሰሌዳ ይቀይርልናል፣ እንዶዴ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ኤርፖርቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እያለ። እሱን አትመን በየማዘጋጃ ቤቱም ለባቡሩ ለሚመለከተውም እናስገባለን። እኔ ልጀምር። ዱከም፣ ከቤት 11 ሰዓት ከ40፣ ሳሪስ፣ ሁለት ታክሲ፣ አልፎ አልፎ ሃይገር።

ሳምሪ ገላን

ገላን፣ ጠዋት ሽፍት ከሆነ 10 ሰዓት ተኩል፣ ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን፣ ሰርቪስ የለንም፣ ሚኒባስ። ማታ ሽፍት ከሆነ መውጫ 4 ሰዓት፣ ከ3 ሰዓት በኋላ መኪና ስለማይገኝ ተሰብስበን ኮንትራት ነው የምንይዘው።

ኪያ አዳማ

አዳማ፣ 10 ሰዓት፣ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ፣ ትልቁ አውቶቡስ ከዛ ታክሲ። ሰኞና ዓርብ ይብሳል።

የሀዲድ ሰው

እየመዘገብኩ ነው፣ ቀጥሉ። የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ሰዎች የት ናችሁ?